የጓሮ ዶሮ፣ የእጅ ሥራና ስም ያለው ምስጋና

(በቢሾፍቱ ለወላጆች በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ ወላጆች።

ስለ ዶሮ እንድናገር ስጋበዝ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ሙያዬ የእንስሳት ጤና ነው፤ የምኖረውም እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ከተማችን በዶሮ ነገር የታወቀች ናት። የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት የሚመረተው እዚህ ነው፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ዶሮን ሲያጠና የኖረው እዚህ ነው፤ ትልልቅ የዶሮ እርባታዎችም ከዙሪያችን አይጠፉም። ዛሬ ግን የማወራው ሺህ ዶሮ ስለሚያረባ ሰው አይደለም። ጓሮው ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ ስለሚጭርበት ቤት ነው፤ በዚያ ቤት በእጅ ስለሚሠራው ነገርና ልጆች ማመስገንን ከየት እንደሚማሩ ነው።

ልጅ ያላየውን ድካም ሊያመሰግን አይችልም ብዬ አምናለሁ። «አመሰግናለሁ በል» ስንለው ይላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ማንን፣ ስለ ምን እንደሚያመሰግን ግን አያውቅም። እኛ ስናድግ ድካሙ ዓይናችን ሥር ነበር። በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ጥጡ ሲፈተል፣ ዶሮዋ ስትታቀፍ እያየን ነው ያደግነው። ዛሬ አብዛኛው ነገር ተሠርቶ አልቆ በር ላይ ይደርሳል። ስለዚህ «የዘንድሮ ልጅ ምስጋና አያውቅም» ሲባል አልስማማም። የሚያመሰግነውን ሰው አላስተዋወቅነውም።

እስቲ ከእንቁላል እንጀምር። ዶሮ አንዲት እንቁላል ሠርታ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ቀን፣ እንዲያውም አለፍ ያለ ጊዜ ይፈጅባታል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚሄደው ቅርፊቱን በማልበስ ነው። ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከምትበላው ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ታወጣለች። ልጆቼ ይህን ከሰሙ ወዲህ እኛ ቤት የእንቁላል ቅርፊት አይጣልም። ይታጠባል፣ ምጣድ ላይ ይደርቃል፣ ተወቅጦ ከፉርሽካው ጋር ይደባለቃል። ሙቀጫው የልጆቹ ሥራ ነው።

«የሀበሻ ዶሮ ሰነፍ ናት» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉት፣ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት፣ በጥሩ አያያዝ ከ280 ያልፋሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። የሀበሻዋ ዶሮ አሥራ ምናምን እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች። 21 ቀን ትተኛለች፤ ጥሬ ለመልቀምና ውኃ ለመጠጣት ለጥቂት ደቂቃ ካልሆነ ከቦታዋ አትነሣም፤ ሰውነቷ ይከሳል። ከፈለፈለች በኋላ ሁለት ሦስት ወር ጫጩቶቿን ይዛ ትዞራለች፤ እየጫረች ታበላቸዋለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጠርታ ክንፏ ሥር ትከታቸዋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። የዓመቷ ትልቁ ክፍል የሚያልፈው ልጅ በማሳደግ ነው። ቦቫንሷ ይህ ሥራ የለባትም፤ የመታቀፍ ጠባዩ ከዘሯ እንዲጠፋ ተደርጋ ነው የተዳቀለችው፣ ጫጩቱን የሚፈለፍልላት ማሽን ነው። ሁለቱን በእንቁላል ብዛት ብቻ ማወዳደር፣ ልጅ ስታሳድግ የከረመችን ሴት «ዓመቱን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ሴትን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በገጠራችን ዶሮ የሴት ሀብት ነው። የበሬውና የላሙ ጉዳይ በባል ሲወሰን፣ የእንቁላሉ ገንዘብ ግን በእናት መቀነት ይቋጠራል። ጨው፣ ሳሙና፣ የኩራዝ ጋዝ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚወጣው ከዚያ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በእንቁላል ገንዘብ የተማርን ስንቶቻችን እንሆን? እናቴ የመጀመሪያ ደብተሬ የተገዛው በእንቁላል መሆኑን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ሳልጠይቃት ነበር የቆየሁት፤ እሷም ሥራ ነው ብላ አልቆጠረችውም። ብዙ እናቶች እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ማታ እናቱ በሕይወት ያለችለት ሰው ይደውልላትና የመጀመሪያ ደብተሩ በምን እንደ ተገዛ ይጠይቃት፤ ይህን ከልቤ እለምናችኋለሁ።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየጓሮው ዶሮ ሲበዛ እያየሁ ነው፤ በሙያዬም ደስ ይለኛል። አንድ አደራ ግን አለኝ። ሥራው ሰፍቶ ገንዘቡ ሲበረክት ከሴትየዋ መቀነት ወጥቶ እንዳይቀር።

አሁን ወደ ጾሙ ልግባ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጾመኛ ቤት እንቁላል አይበላም፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል። ዶሮዋ ግን ጾም ነው ብላ መጣሏን አታቆምም። አማቴ ገጠር ያደጉ ናቸው፤ እኛ ጋ ከገቡ ጀምሮ የጾሙ እንቁላል ይታቀፋል። ሒሳቡ የሚያምር ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። ጾሙ በገባበት ቀን የታቀፈች ዶሮ በ21ኛው ቀን ትፈለፍላለች፤ ፋሲካ ሲደርስ ጫጩቶቹ 34 ቀን ይሆናቸዋል፣ ላባ አብቅለው ከእናታቸው ጋር ይጭራሉ። የክረምቱ ብርድና ጭቃ ሳይመጣም ይጠነክራሉ። ልጆቼ ቀኑን የሚቆጥሩት ራሳቸው ናቸው፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ እያከበቡ።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍተን እንቁላሉን በስልክ ባትሪ እናየዋለን። ሕይወት ያለበት ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተው ይታያሉ፣ መካከል ላይ ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። ሕይወት የሌለበት ብርሃኑን እንዲሁ ያሳልፈዋል። ትንሿ ልጄ ያንን ባየች ማግስት ቁርስ ላይ የቀረበላትን እንቁላል ሳትነካ ቆይታ፣ «እማዬ፣ ይቺ ግን ጫጩት የላትም አይደል?» አለችኝ። ያልታቀፈ እንቁላል ጫጩት እንደማይሆን ነገርኳትና በላች። ያቺን ጥያቄ ግን እወዳታለሁ። እንቁላል ከየት እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

በ21ኛው ቀን ልጆች የሚቸገሩበት ነገር አለ፤ እሱም መታገሥ ነው። ጫጩቷ ቅርፊቱን በምንቃሯ ከነደለችው በኋላ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ልትቆይ ትችላለች። ያን ጊዜ ሥራ ፈታ አይደለም፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ፣ ደሙን ከቅርፊቱ ሽፋን ወደ ሰውነቷ እየሰበሰበች ነው። ልርዳት ብሎ ቅርፊቱን የላጠላት ሰው ሊያደማት ይችላል። ይህን ለልጅ አስረዱትና አብራችሁት ተቀመጡ። ትዕግሥትን በቃል ከማስተማር ይህ ይሻላል።

የዶሮዎቹን ቤት ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ነው የሠራው። ከተራረፈ ጣውላ፣ ከዶሮ ሽቦና ከአሮጌ ቆርቆሮ። ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር የቆመ ነው፣ እርጥበቱም ሸለመጥማጡም እንዳይደርስ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ይነጠፋል፤ እሱን ከአናጢ ቤት በነፃ እናገኘዋለን። መጠጫው ተገልብጦ የታሰረ ሃይላንድ ነው፣ መመገቢያው በጎኑ የተቀደደ ጀሪካን፣ እንቁላል መጣያው ደግሞ አፉ የተበላ የአማቴ እንቅብ። ጥግ ላይ አመድ አለ፤ ዶሮዎቹ ይታጠቡበታል፣ ከላባቸው ውስጥ ተባይ ያራግፍላቸዋል። ኩሱ አይጣልም፤ ትኩሱ ሥር ስለሚያቃጥል ተከምሮ ይብላላና ለጎመኑና ለቆስጣው ይሆናል። ከገበያ ሁሉንም አሳምሮ መግዛት ይቻላል። ልጄ ግን ቆጡን ሲለካ፣ ሲመጥን፣ ሲመታ ስላየሁት፣ ማታ ማታ ዶሮዎቹ በሠራው ቆጥ ላይ ተራ በተራ ሲወጡ ቆሞ እንዴት እንደሚያይም ስላየሁ፣ የተገዛው ይህን አይሰጥም እላለሁ።

ዶሮ የራሷ ቤት ያስፈልጋታል የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የተሠራና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዶሮ ያለባቸው ቤቶች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ ያሳያል። ዶሮዎቹ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ግን ያ ጥቅም ይጠፋል። የሚድህ ልጅ መሬት የነካበትን እጅ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ኩሱ ያለበት ወለል ደግሞ የተቅማጥ ምንጭ ነው። ስለዚህ ዶሮዋን ውደዷት፤ ማደሪያዋን ግን ለዩላት፤ እንቁላል የሰበሰበ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ከጓሮው ወደ ቤት እንግባ። አማቴ ይፈትላሉ። ጥጡን ከገበያ እንገዛለን፤ ፍሬው ተዳምጦ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ከዚያ እንዝርቱ ይሾራል። ዛሬ በቁመት የሚዘረጋው ድር በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ ግን የእጅ ፈትል ሲሆን ነው ጋቢው የሚለሰልሰውና የሚሞቀው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። ለአራት ድርብ የሚበቃ ማግ በትርፍ ጊዜ ሲፈተል ወራት ይወስዳል። ጋቢ ለሙሽራው አባት ሲለበስ ሰው ሁሉ «ሸማኔው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሸማኔ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የጥበብ ሰው ነው። «ፈታይዋ ማን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከቤታችን ውጭ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ቤት ጥያቄው ከተነሣ በኋላ ልጄ «እማማ፣ እኔንም ያስተምሩኝ» አላቸው። ከጎረቤት አንዲት እናት «ወንድ ልጅ ይፈትላል እንዴ?» ሲሉ አማቴ ቀና ብለው፣ «ጥጡ እጅ ነው የሚያየው፤ ሱሪና ቀሚስ አይለይም» አሉ። ክሩ ይበጠስበታል፣ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ይቀጥናል። አማቴ አልጣሉትም፤ ሰብስበው ለሸማኔ ሰጡትና ለራሳቸው ፎጣ አሠሩበት። ውፍረቱ ከሩቅ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «የልጄ ልጅ ፈትል ነው» ይላሉ። ልጄም ከዚያ በኋላ የተሰጠውን ጋቢ እንደ ድሮው አልጋ ላይ ጥሎት አይሄድም። ማንም አልተቆጣውም፤ አንድ ክንድ ክር ስንት ድካም እንደሚጠይቅ እጁ ያውቀዋል።

ዳንቴል፣ ጥልፍ፣ ስፌት ሁሉም ይሆናል፤ ቤታችሁ ያለውን ሙያ ያዙ። አያት ካለ ከአያት፣ ከሌለ ከጎረቤት ተማሩ። የወንድና የሴት ብላችሁ ግን አትክፈሉት።

ከባድ የሆነውን ነገር ደግሞ ሳልናገር አልሄድም፤ ዶሮ ያለበት ቤት ልጅ ይጠይቃል። ለፋሲካ ዋዜማ ልጄ አያቱ ጋ ሄዶ፣ «እማማ፣ ገብስማዋ ትታረዳለች?» አላቸው። «እሷ እንቁላሏን አብልታናለች፣ ጫጩት አሳድጋልናለች፤ አትታረድም» አሉት። እሱ ደስ ሲለው ግን አልተዉትም። «ከገበያ የምናመጣውስ? እሱም የአንዲት ሴት ጓሮ ውስጥ ነው ያደገው። ስትበላ እሷን አስባት» አሉት። ይህን መልስ ከኔ በተሻለ መለሱት። ልጅን ከሥጋው ታሪክ ደብቀን «ብላ» ማለት ለሥጋውም ለልጁም ክብር አይሆንም።

በዚያው ቀን ልጆቹ ወጥ ቤት ገቡ። ዶሮ ወጥ በዓመት ስንት ጊዜ እንበላለን፤ አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየ ልጅ ግን ጥቂት ነው። ዶሮው በ12 ብልት ይወጣል፤ ብልት ማውጣት መገጣጠሚያውን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። በሎሚና በጨው እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል። ሽንኩርቱ እስኪበስል በዝግታ ሲቁላላ ሰው ከምድጃው አይርቅም። ሽንኩርቱን ልጆቹ ላጡ፤ ዓይናቸው እያለቀሰ። አሁን በዓል በደረሰ ቁጥር ያ የእነሱ ድርሻ ነው፤ ወጡ ሲቀርብም «ማን ሠራው?» የሚል እንግዳ ሲመጣ መልሱ ከአንድ ሰው ስም ይረዝማል።

ምስጋናው ራሱ እኛ ቤት የሚሆነው ቡና ላይ ነው። አቦሉና ቶናው በጨዋታ ያልፋል። በረካው ላይ አማቴ ይመርቃሉ፤ ምርቃታቸው ደግሞ በደፈናው አይደለም። «ለዶሮዎቹ ውኃ የቀዳ እጅ ይባረክ። ቆጡን የጠረገ ልጅ ይደግ። ሽንኩርት ሲልጥ ያነባ ዓይን ሐዘን አያይ። ያንን ጣውላ የተሸከመ ትከሻ ቁርጥማት አይንካው።» ልጆቹ በየተራቸው አሜን ይላሉ፤ ስሙ ሳይጠራ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከጊዜ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው መጨመር ጀመሩ፤ ፉርሽካውን በጋሪ ያመጣልንን ሰው፣ ሰጋቱራ የሰጠንን አናጢ፣ ጥጡን የሸጡልንን እናት። እዚህ የደረሱት ማንም «አመስግኑ» ብሏቸው አይደለም። ሰዎቹን አይተዋቸዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኑሮ ከብዷል፤ መኖ ተወዷል፣ ዘይት ተወዷል፣ የቤት ኪራይ ተወዷል። ለከፋው ሰው «ተመስገን በል እንጂ!» ብሎ አፉን ማስያዝ እኔ የምናገርለት ምስጋና አይደለም። ልጃችሁ «አጣሁ፣ ደከመኝ» ሲል አድምጡት። ምስጋና እውነትን ከመናገር ጋር ይኖራል። አማቴ በበረካው ላይ የጎደለውንም ይናገራሉ፤ «ይህን ወር ጎሎብናል፣ አንተ ሙላው» ይላሉ፤ ከዚያ የተደረገልንን ይቆጥራሉ።

ምስጋና ከግቢ መውጣትም አለበት። ጎረቤት ስትወልድ ልጆቼ እንቁላል ይዘው አራስ ይጠይቃሉ። ዕቃው ባዶውን አይመለስም፤ አንዴ ቆሎ፣ አንዴ የጎመን ዘር፣ አንዴ የምታቅፍ ዶሮ በውሰት መጥታልናለች። ቦቫንስ ያለው ቤት ማስታቀፍ ሲፈልግ የጎረቤት የሀበሻ ዶሮ ማስፈለጉ እንዲህ ነው ሰፈርን የሚያገናኘው።

በዚሁ ወደ ሙያዬ ልመለስና ልጨርስ። የጓሮ ዶሮን በአንድ ሳምንት ጠራርጎ የሚወስደው ፈንግል ነው። ዶሮዋ ታንኮራፋለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጠማዘዛል። ከያዛት በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ዓይኗ ውስጥ አንድ ጠብታ ነው፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ስድስት ዶሮ ላለው ቤት ብቻውን መክፈት ኪሣራ ነው፣ ስለዚህ ሰው ይተወዋል። የአንዱ ጓሮ ሳይከተብ ሲቀር ደግሞ የሁሉም ያልቃል።

ስለዚህ ይህን አዘጋጅተናል። ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በየሰፈሩ የተከፈለ መዝገብ አለ። ስማችሁንና የዶሮዎቻችሁን ብዛት፣ ጫጩቶቹንም ጨምራችሁ፣ አስመዝግቡ። አንድ ሰፈር ሲሞላ አንድ ቀን ቆርጠን እንመጣለን። በዚያ ቀን ዶሮዎቹን ሌሊት ከቆጥ ሳይወርዱ ያዙልን፤ ከወረዱ በኋላ ማባረሩ እናንተንም እነሱንም ያደክማል። የታመመች ካለች ለብቻ አድርጋችሁ አሳዩን፤ የምንከትበው ጤነኛዋን ነው። ዶሮዋን የሚይዙት ልጆቻችሁ ይሁኑ፤ ጠብታው እንዴት እንደሚገባ እናሳያቸዋለን።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄ ያለው ሰው ካለ መቀጠል እንችላለን።